የእትዬ ብርቄ ምርቃት

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ተጋብዤ ነው እንጂ ፈልጌ አይደለም። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ከማይን ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ያለ አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር፣ ከመቶ ዓመት በፊት በካናዳ ገጠር የነበረን የመንደር ሱቅ ከነመደርደሪያው አስመጥቶ ለሕዝብ ለማሳየት አሰናዳ። የትርኢቱ ኃላፊ ፍራው ዌበር የሚባሉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። እሳቸውም ከካናዳው ሱቅ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሌላ አገር የመጡ የከተማይቱ ነዋሪዎች የሚያስታውሱት አንድ የገጠር ሱቅ ቢሠራ መልካም ነው ብለው አሰቡና ዕድሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደረሰ። እኛ ጡረተኞች ሮደልሃይም በሚገኝ አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ እየተገናኘን ሻይ የምንጠጣበት ማኅበር አለን። ግብዣው ወደዚያ ሲመጣ እኔ ጉልበቴን በቀዶ ሕክምና ታክሜ ተኝቼ ስለነበር፣ ስለ ዝግጅቱ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ትርኢቱ በተከፈተ ዕለት ግን ከዘራዬን ይዤ፣ ክራባቴን አሥሬ ሄድኩ። ሰባዎቹን ያጋመሰ ሰው እንዲህ ላለው ነገር ክራባት ማሠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የካናዳው ሱቅ ውብ ነበር። በሩ ሲከፈት የምታቃጭል ትንሽ ደወል አለችው። ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ከኋላው እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ የሻይና የቅመም ቆርቆሮዎች፣ የፈረስ ልጓም፣ የላምባ በርሜል ከነመቅጃው፣ በአንድ ጥግ የብረት ምድጃ፣ በምድጃው ዙሪያም መቀመጫቸው የላላ ወንበሮች። በዚያ ማለቂያ በሌለው ሜዳ የሰፈሩት ገበሬዎች ክረምቱን በበረዶ ተከበው ሲያሳልፉ ወሬ የሚሰሙት እዚያ ምድጃ ዳር ነበር ይላል የተለጠፈው ጽሑፍ። ባለሱቁ የፖስታ ሹምም ስለነበረ ደብዳቤ የሚቀበሉት እዚያው ነው። ገንዘብ በእጃቸው የሚገባው እህል በተሸጠ ሰሞን ብቻ ስለሆነ፣ ሚስቶቻቸው እንቁላልና ቅቤ እያመጡ በስኳርና በሻይ ይለውጡ ነበር። የዱቄቱ ከረጢት ጨርቅ ታጥቦ የልጆች ልብስ ይሆናል። በመስኮቱ መስተዋት ላይ የባለቤቱ ስም ከነአባቱ በወርቅማ ፊደል ተጽፏል። በርሜሉ ባዶ ነው። የላምባው ሽታ ግን ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም ከእንጨቱ አልወጣም፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትኩና እዚያው እንደቆምኩ ከፍራንክፈርት ወጣሁ።

የተወለድኩት ዋርካ ሜዳ ነው። አውቶቡስ ለምሳ የሚቆምባት፣ አንድ ዋና መንገድና ብዙ ጭቃ ያላት ትንሽ ከተማ ነች። ከአውቶቡስ መቆሚያው ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው ማዕዘን ላይ፣ አራት በር ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከአራቱ በሮች አንዱ፣ ወደ ገበያው የሚያየው፣ የእናቴ ሱቅ ነው። እናቴ ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች። ሱቁ ሰሌዳም ስምም አልነበረውም። «ወዴት ነህ?» የተባለ ሰው «እትዬ ብርቄ ጋ» ብሎ ይመልሳል፣ በቃ። ያ «ጋ» የምትለው አንዲት ፊደል የሱቁ ሰሌዳ ነበረች። ከሩቅ ያለ ልጅ ለወላጆቹ ደብዳቤ ሲልክ ለሾፌሩ «እትዬ ብርቄ ጋ ጣልልኝ» ይላል። ደብዳቤውም በስኳር ጆንያውና በግድግዳው መካከል ተሰክቶ፣ ባለቤቱ ቅዳሜ ገበያ እስኪወጣ ይጠብቃል። የካናዳዎቹን እንቁላልና ቅቤ ሳነብ ብቻዬን የሳቅሁት ለዚህ ነው። የእኛም ገበሬዎች ሚስቶች እንቁላሉን በጭድ ውስጥ፣ ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው ያመጡ ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲና የመርፌ ክር ይዘው ይመለሳሉ።

ያኔ አንድ ጠርሙስ ላምባ በስሙኒ ይገዛል። የአሥር ሳንቲም ስኳር በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ የእናቴ ጣቶች ጋዜጣውን አዙረው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ቀንድ ሲያስመስሉት ለማየት ብቻ ሳንቲም ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር። ቅርጫት ሙሉ የፋኖስ ብርጭቆ በጭድ ተጠቅጥቆ ከጣሪያው ይንጠለጠላል። በአንድ በኩል ሻማ፣ ክብሪት፣ የልብስ ሳሙና በክር እየተቆረጠ፤ በሌላ በኩል ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በርባሶ በየመጠኑ ተደርድሮ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑ ባንኮኒው ላይ ይወጣል። ሰዎች ለዘመዶቻቸው ዘፈን የሚያስመርጡበት ሰዓት ስለሆነ፣ ምንም የማይገዛው ሁሉ ኩታውን አጣፍቶ በሩ ላይ ይቆማል። እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ የለበሱት የትምህርት ቤቱ መምህራን ከገበሬው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የማያውቁት ሰው ለማያውቁት ሰው የመረጠውን ዘፈን ያዳምጣሉ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ሴትም ብትሆን ድምፅዋ የወንድ ይሆን ነበር። እናቴ ከአበባማ ቀሚሷ በላይ ጥቁር ሹራብ ደርባ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ትቆማለች። ስትሸጥ ተቀምጣ አላየኋትም። ሱቋን የምትዘጋው በወር አንድ ቀን፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ዕለት ብቻ ነው። በዚያ ዕለት ከሩቅ የመጣ ሰው የተዘጋውን በር አይቶ «ለካ አሥራ ዘጠኝ ነው» ይል ነበር።

አሁን ስለ ምርቃት ልናገር። ጉዳዩ የሚዞረው በዚህች ቃል ዙሪያ ስለሆነ፣ እዚህ አገር ተወልደው ለሚያነቡኝ ስል በግልጽ አስቀምጣለሁ። ገዢው የከፈለበት ዕቃ ተመዝኖ ካበቃ በኋላ፣ ሻጩ ከራሱ የሚጨምረው ትንሽ ነገር ምርቃት ይባላል። ገዢው «መርቂልኝ» ይላል፤ ሻጯ በጣቶቿ ጫፍ ቆንጥራ ትጨምራለች። እናቴ «መርቂልኝ» እስክትባል አትጠብቅም ነበር። ሚዛኗ ባለሁለት ሰሃን ነው። ሁለቱ ሰሃኖች እኩል ሲሆኑ አፍታ ትጠብቃለች። ትክክል መሆኑን ገዢው በዓይኑ እንዲያይ ነው። ከዚያ ስኳሩን ወደ ጋዜጣው ገልብጣ፣ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትደርብበታለች። አንድ ቀን ከአውራጃ የመጣ የሚዛን ተቆጣጣሪ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የሚዛን ድንጋዮቿን አንድ በአንድ መረመረ። እንከን አላገኘም። ሊወጣ ሲል ግን ለአንዲት ሴት ስኳር ስትመርቅ አያትና ተመለሰ፤ ይህ ያልተመዘነ ነው፣ የተመዘነ ካለ ያልተመዘነ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቃት። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ሚዛኑ የመንግሥት ነው፤ ምርቃቱ የኔ ነው» አለችው። ሰውየው ክብሪት ገዝቶ፣ በላዩ ላይ ሁለት ከረሜላ ተመርቆለት፣ ባርኔጣውን ከራሱ ከፍ አድርጎላት ሄደ። ያን ዕለት በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ይህን የሰማን ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው አስራት ነው።

አስራት የግራዝማች ውብነህ ልጅ ነው። ግራዝማች የባለአራት በሩ ቤት ባለቤት፣ የእኛም አከራይ ነበሩ። በየወሩ መጀመሪያ ከዘራቸውን በባንኮኒው ላይ አጋድመው ዝም ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ውጭ ሱቁን ረግጠው አያውቁም፤ ጭሰኞቻቸው እንኳ ከርቀት ሲያዩዋቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር። ልጃቸው ግን ቀኑን የሚውለው እኛ ሱቅ ነው። ከዋርካ ሜዳ ሕዝብ ሁሉ የእናቴን ምርቃት አብዝቶ የበላው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እሱም እኔም በየመንገዳችን ወደዚህ አገር መጣን። ቦክንሃይም የተማሪዎች ቤት ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ተጋርተን ብዙ ዓመት ኖርን። ገንዘብ ባልነበረን በእነዚያ ቅዝቃዜያማ ወራት ድንች እየቀቀልን የእናቴን ሱቅ መደርደሪያ በመደርደሪያ እናነሣው ነበር። እሱ ክብሪቱ የት እንደነበር ይነግረኛል፣ እኔ ሻማው የት እንደነበር እነግረዋለሁ። እሷ ስትሞት አንዳችንም መሄድ የማንችልበት ዘመን ነበረ። ለሰው መርዶ ለመንገር ጠዋት የሚሄደው አስራት፣ በኔ ጊዜ ግን መናገር አቅቶት ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነው ያወቅሁት። ይህንን የምጽፈው ያደረገልኝን እንዳልረሳሁ እንዲታወቅ ነው።

እኔ በኋላ በዚህ ክፍለ ሀገር የሚዛንና የመስፈሪያ መሥሪያ ቤት፣ አይሽአምት በሚሉት፣ ተቀጠርኩ። በየሳምንቱ ገበያ እየዞርኩ የቋሊማ ሻጩንም የድንች ሻጩንም ሚዛን የመረመርኩ፣ ማኅተም የለጠፍኩ፣ ያጎደለ ሲገኝም ውሳኔ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ከጻፍኳቸው ውሳኔዎች በይግባኝ የተሻረ የለም። ባርኔጣ የሌለኝ ተቆጣጣሪ ሆንኩ እያልኩ ስቀልድ አስራት ነበር በጣም የሚስቀው።

እንግዲህ ከላምባው በርሜል ቀና ብዬ፣ ወደ ጎን ክፍሉ ገባሁ። በመጀመሪያ ያየሁት ሚዛን ነው። የእናቴ ሚዛን አይደለም፣ ግን እንደሱ ባለሁለት ሰሃን። አጠገቡ የጋዜጣ ቀንዶች ተደርድረዋል፤ የፋኖስ ብርጭቆ በቅርጫት ተንጠልጥሏል፤ በርባሶውም በየመጠኑ አለ። ጉልበቴን ረስቼ ተጠጋሁ። በግድግዳው ላይ በሰው ቁመት የተሳለ ምስል አለ። ጺማም ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ቅርጫት በያዘች ሴት ላይ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ይባርካሉ። ከምስሉ በላይ በትላልቅ የጀርመንኛ ፊደል «ሚዛኑ የመንግሥት ነው፤ ቡራኬው ግን የኔ ነው» ይላል። ከሥር ደግሞ፣ «የነጋዴው የግራዝማች ውብነህ ሱቅ፣ ዋርካ ሜዳ። ደግ ሰው ስለነበሩ እያንዳንዱን ደንበኛ ባርከው ያሰናብቱ ነበር።» ሁለት ጀርመናውያን አሮጊቶች ከጎኔ ቆመው፣ በአፍሪካ ንግድና ሃይማኖት እንዴት እንደተጋመዱ በአድናቆት ይነጋገራሉ። ክፍሉ ማዶ አስራት ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ማንበቤን አየ። ወዲያው ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

ክፍሉን ያሰናዳችው የአስራት ልጅ ሊያ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዞሰንሃይም አንድ ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ በልጅነቷ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ያሳደግኋት ልጅ ናት። አይታኝ ሮጣ መጣችና ሳመችኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ እጄን ይዛ በኩራት ታስጎበኘኝ ጀመር። አማርኛዋ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽና የአባቷ አማርኛ ነው፤ የጎደለውን በጀርመንኛ ትሞላዋለች። አባቷ ማታ ማታ ሲያስተኛት የአያቷን ሱቅ ይነግራት እንደነበር፣ ሌላ ሜርሸን፣ ተረት ማለቷ ነው፣ እንደማታውቅ፣ ይህ ክፍል የልጅነት ተረቷ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም የማውቀውን ያዝኩ። ሙያዬን ማለቴ ነው።

«ልጄ፣ ምርቃት እዚህ ላይ ቡራኬ አይደለም» አልኳት። «ጭማሪ ነው። ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ሻጭ ከራሱ የሚጨምረው ነው።»

«ኤሽት?» አለችና፣ እውነት? ማለቷ ነው፣ አፏን ይዛ ሳቀች። ምርቃት የምታውቀው ሽማግሌዎች ቆመው «አሜን በሉ» ሲሉ ብቻ ነበርና። «ወይኔ፣ ለሠዓሊው እጃቸውን ዘርግተው ሣላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ አያቴ ምን ነበር የሚጨምሩት፣ ጋሽ ተፈራ?»

ግራዝማች ውብነህ ሲጨምሩ የማውቀው የቤት ኪራይ ብቻ ነው። ይህን ግን ለዚያች ፊት መናገር አልቻልኩም። ጉልበቴ አመመኝ ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ አስራትን ሮደልሃይም ላይ ጠርቼው በኒዳ ወንዝ ዳር ሄድን። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱ ያንሸራትት ነበር፤ እሱ ክንዴን ይዞኛል፣ ለጉልበቴ። መጀመሪያ ቀለደ። ለሙዚየም የሚበቃ ሱቅ እንዳለን ብናውቅ ኖሮ ያኔ ኪራይ እናስቀንስ ነበር አለ። እኔ አልሳቅሁም።

«ቤቱ የማን ነበር?» አለኝ ቆም ብሎ።

«የአባትህ።»

«እንግዲህ። የኛ ሱቅ ብዬ ባወራ ምን ዋሸሁ?»

«ቤቱን ማን ጠየቀህ፣ አስራት? ባንኮኒው ኋላ የቆመው ማን ነበር ነው የምልህ።»

ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ደወል እያሰሙ አለፉን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊያ ገና መጠየቅ የጀመረች ሰሞን አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብላ እንደጠየቀችው ነገረኝ። ምን ልበላት አለኝ፤ ሰው በመኸር ማግሥት ከነልጆቹ ከመሬቱ ሲያስወጡ አይቻለሁ ልበላት? አፉ ላይ የመጣችው እናቴ ነበረች። አንድ ማታ ብቻ ነው ብሎ ጀመረ፤ ልጅቷ በማግሥቱም ያንኑ ጠየቀች።

«ታዲያ ‹እትዬ ብርቄ› ብለህ ለምን አልነገርካትም?»

«ያንተ እናት ለሷ ምኗ ናት?» አለኝ። በክፋት አልነበረም። በእውነት መልሱን ከኔ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

እኔም ስለ ተረቱ ልከስሰው እንዳልመጣሁ፣ ልጅቷን ማታ ማታ በምን እንዳስተኛት የሱ ጉዳይ እንደሆነ ነገርኩት። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ግን ሌላ ነው። እናቴ መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንኳ የላትም፤ በስንት ዘመን አንዴ ስሟ የሚጻፍበት ቦታ ቢገኝ የአከራይዋ ስም ሰፈረበት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው አልኩት፤ ስሟ ይጻፍ። አስራት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሁለቱንም እጆቼን ያዘ። ከፍራው ዌበር ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ እንድወስድ፣ እሱ ራሱ በሊያ ፊት እንደሚናገር ማለልኝ። «ባላደርገው የእትዬ ብርቄ አጥንት ይፋረደኝ» አለ። በዚያ ዕለት ወደ ቤቴ የገባሁት ጉልበቴ ሳይሰማኝ ነው። እንዲያውም ስሟ በጀርመንኛ ፊደል እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል በየወረቀቱ ጥግ እየሞከርኩ አመሸሁ።

ቴርሚኑ የተያዘው በቤተ መዘክሩ ቢሮ ነበር። ፍራው ዌበር፣ ሊያ፣ አስራትና እኔ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ በአጭሩ ተናገርኩ። ቃሉ ቡራኬ ሳይሆን ጭማሪ መሆኑን፣ ሱቁም የእናቴ የወይዘሮ ብርቄ መሆኑን አስረዳሁ፤ አቶ አስራት ይህን ያረጋግጣል ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ። ሊያም ወደ አባቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ገና ጥርጣሬ እንኳ አልነበረም፤ ፈገግ እንዳለች ነበረች። አስራት አያት። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረና «ላይደር» ብሎ ጀመረ። ያለመታደል ሆኖ ማለቱ ነው። በተስተካከለ ጀርመንኛ፣ ረጋ ብሎ፣ እንዲህ አለ።

«ተፈራ ለኔ ወንድም ማለት ነው፤ ስለዚህ ይህን መናገር ይከብደኛል። ሁላችንም አርጅተናል። እሱ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነገር ይምታታበታል። እናቱ እኛ ቤት ተከራይ ነበረች፤ ደግ ሴት ነበረች። ሱቁን የራሷ አድርጎ ማየት ከጀመረ ቆይቷል።»

እጁ ትከሻዬ ላይ እንደነበረ ነው። ሙቀቱ ይሰማኛል። ውሸቱን ተከራይ ከምትለዋ እውነት ጋር እንዴት አድርጎ እንደሸመነው ሳስብ፣ ቦክንሃይም ወጥ ቤት ውስጥ ክብሪቱ የት እንደነበር ሲነግረኝ የነበረው ያው ድምፅ መሆኑ ገረመኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍራው ዌበር ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃል ከቃል እየነጠሉ ያናግሩኝ ጀመር። የሥራ ዘመኔን በሙሉ በቋንቋቸው ውሳኔ ስጽፍ የኖርኩትን ሰው! ፎቶግራፍ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ዋርካ ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም። የንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ ሰሌዳ? ሰሌዳው «ጋ» የምትል ፊደል ነበረች ብዬ ለእኒያ ሴት ማስረዳት አይቻልም። ሌላ የሚመሰክር በሕይወት ያለ ሰው? በሕይወት ያለው ምስክር ከጎኔ ተቀምጧል አልኩ። እሳቸውም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገር እንደሚምታታብኝ ያረጋገጥኩላቸው መሰላቸው።

ሊያን አየኋት። ስለ ግራዝማች የማውቀውን ሁሉ ብዘረግፈው ማን እንደሚያምነኝ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ያቺ ልጅ አያቷን የወደደችው በእናቴ እጅ ነው። ያን እጅ ብቆርጠው የምትደማው እሷ ናት። ስለዚህ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። «ሱቁ የእናቴ ነበር። ስሟ ብርቄ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።» ተነሣሁ። አስራት ከዘራዬን አንሥቶ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት፤ ያለ ከዘራ መሄድ አልችልምና።

ሊያ እስከ ኤስ-ባኑ፣ እስከ ከተማ ባቡሩ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሊደርስ ሲል ክንዴን ጨበጥ አደረገች። «ጋሽ ተፈራ፣ አይቀየሙኝ። እኛ ሐኪም ቤት ለትውስታ ጥሩ ዶክተር አሉ። ቴርሚን ላውጣልዎት? ዋርተሊስተው ረጅም ነው፣ እኔ ግን አስገባዎታለሁ። ክራንከንካሰው ይከፍላል።» የተራ መጠበቂያውንና የጤና መድን ድርጅቱን ማለቷ ነው። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት የእናቴን ልብ ነው ብል ሰው አያምነኝም፤ ደንበኛው ሳይጠይቅ የምትጨምር ዓይነት ልብ ነው። አመሰገንኳት። አስብበታለሁ አልኩ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ከመደርደሪያው ላይኛው ረድፍ ጀምሬ ወደ ታች ቆጠርኩ። ሻማ፣ ክብሪት፣ የፋኖስ ክር፣ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ሳሙና። ሁሉም በየቦታው ነበር። ሮደልሃይም ደርሼ ስወርድም በየቦታው ነበር። ይህን ሐኪም እንዲያረጋግጥልኝ አልፈልግም፤ ነገር ግን ያን ቀን ማታ የቆጠርኩት ከናፍቆት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ። አስራት የወሰደብኝ ሱቁን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ወደ ማኅበሩ ስሄድ፣ እንደ ወትሮው ኮቱን ወንበር ላይ አኑሮ ቦታ ይዞልኛል። በሌላው ጫፍ ተቀመጥኩ። እሱን ጨምሮ ሁሉም ሰው በጣም ጮክ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዲት ወይዘሮ ሻዬ ውስጥ ስኳር ስታደርግልኝ፣ ስንት ማንኪያ እንደምወድ ሊጠፋብኝ ይችላል ብላ ነው መሰለኝ፣ ሳትጠይቀኝ አደረገች። ስንበተን አስራት በአጠገቤ አለፈና ከብርጭቆዬ ጎን ሁለት ከረሜላ አኖረ። እኔም አልነካኋቸውም፤ አዳራሹ ሲጠረግ አብረው ተጠርገዋል።

የካናዳው ሱቅ ባለቤት ስም እስከ ትርኢቱ መጨረሻ መስተዋቱ ላይ በወርቅማ ፊደል ያበራል። ስለ ጎን ክፍሉ የቤተ መዘክሩ ውሳኔ በጽሑፍ ደርሶኛል፤ በሥርዓቱ የተጻፈ፣ እኔም ብሆን እንዲሁ እጽፈው የነበረ ውሳኔ ነው። «ቡራኬ» የሚለው ቃል በሙያ አስተያየቴ መሠረት ተሰርዞ «ጭማሪ» ተብሎ ታርሟል፤ ስለ እርማቱም ምስጋና ቀርቦልኛል። ምስሉ በግድግዳው ላይ የተሳለ ስለሆነ ባለበት ይቆያል። በባለቤትነቱ ላይ የተሰጡት ሁለት ቃሎች ስለሚጋጩና አንዳቸውም በሰነድ ስላልተደገፉ፣ ሁለቱም ስሞች እንዳይጠቀሱ ተወስኗል። አዲሱ ጽሑፍ «የገጠር ሱቅ፣ ኢትዮጵያ። ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል። ጀርመንኛም እንደ አማርኛ ወንድና ሴት ይለያል፤ የተመረጠው የወንዱ ነው። ጽሑፉ የተለጠፈውና ጉዳዩ የተዘጋው በዚህ ዓመት የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።